ከአያት ደብተር የተገኘ ቁጥር፦ ትልቅ ቁጥርን በእስክሪብቶና በወረቀት መፍታት

ጎረቤቴ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ናት። ደብረ ማርቆስ ላይ ክረምቱ ሲበረታና መብራት ሲጠፋ ሻማዋን ይዛ እኛ ቤት ትመጣለች። ሒሳብ አብረን እንሠራለን። ባለፈው ክረምት አንድ ምሽት ከሹራቧ ሥር ያረጀ ደብተር አወጣች። አያቷ በደብረ ኤልያስ በኩል መሪጌታ ነበሩ። ካረፉ ቆይተዋል፤ ደብተራቸው ግን በእናቷ ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ኖሯል። የመጨረሻው ገጽ ኅዳግ ላይ በቀይ ቀለም አንድ ቁጥር ተጽፏል፦

፲፱፼፵፫፻፲፫

ምንም ማብራሪያ የለውም። «ጋሼ፣ አያቴ ይህን ለምን ጻፉት?» አለችኝ።

የሽምብራ ንፍሮውን መሐል አስቀምጠን ሁለት ሰዓት ያህል ሠራንበት። ከዚህ በታች ያለው ያን ምሽት የሄድንበት መንገድ ነው። ማንኛውም ትልቅ ቁጥር ሲገጥማችሁ በዚሁ መንገድ መሄድ ትችላላችሁ። የሚያስፈልገው እስክሪብቶ፣ ወረቀትና ትዕግሥት ነው። ካልኩሌተሩን ለጊዜው አስቀምጡት። ቁጥርን የሚያስተዋውቀው ቀሪው ነው፤ ካልኩሌተር ደግሞ ቀሪውን ከነጥብ በኋላ በሚመጡ አኃዞች ይሸፍነዋል።

1. ቁጥሩን በትክክል ገልብጡ

በግዕዝ አኃዝ ፻ መቶ ነው፣ ፼ ዐሥር ሺህ ነው። ከፊታቸው የቆመው ቁጥር ያባዛቸዋል። ፲፱፼ ማለት 19 ጊዜ ዐሥር ሺህ፣ ማለትም 190,000 ነው። ፵፫፻ ደግሞ 43 ጊዜ መቶ፣ 4,300 ነው። ፲፫ ያው 13 ነው። ሲደመር 194,313 ይሆናል።

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። እኔ ቸኩዬ 193,413 ብዬ ጻፍኩ። 4 እና 3 ቦታ ተለዋወጡብኝ። ሩብ ሰዓት ያህል ሌላ ቁጥር ስናካፍል ቆየን። ያየችው ልጅቷ ናት። «ጋሼ፣ ፵፫ ነው እኮ የሚለው» አለች። እንዲህ ያለውን ስህተት ቶሎ የሚይዝ ዘዴ ሦስተኛው ደረጃ ላይ ታገኛላችሁ።

2. ጫፉን እዩ

የመጨረሻው አኃዝ 3 ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ጎዶሎ ነው፤ ለ2፣ ለ5 እና ለ10 አይካፈልም።

ለ4 ለመፈተሽ የመጨረሻዎቹን ሁለት አኃዞች ብቻ ውሰዱ። 100 ለ4 ያለ ቀሪ ስለሚካፈል ከመቶ በላይ ያለው ሁሉ ምንም አይጨምርም። 13 ለ4 ሲካፈል 1 ይተርፋል። 194,313ም ለ4 ሲካፈል 1 ይተርፋል ማለት ነው።

ይህን በባሕረ ሐሳብ፣ በቤተ ክርስቲያን የዘመን አቆጣጠር፣ የሚያውቀው ብዙ ሰው ነው። ዓመቱ የየትኛው ወንጌላዊ እንደሆነ ለማወቅ 5500 ዓመተ ኩነኔ (ከዓመተ ምሕረት በፊት የሚቆጠረው ዘመን) ላይ ዓመተ ምሕረቱን ደምሮ ለ4 ማካፈል ነው። 1 ሲተርፍ ዘመነ ማቴዎስ፣ 2 ሲተርፍ ማርቆስ፣ 3 ሲተርፍ ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ። ለምሳሌ 2018ን ውሰዱ። ድምሩ 7518 ነው። ሙሉውን ማካፈል አያስፈልግም፤ 18ን ለ4 አካፍሉ። 2 ይተርፋል፤ ዘመነ ማርቆስ ነው።

3. ጥንድ ጥንዱን ደምሩ

ትምህርት ቤት የተማርነው አኃዞቹን አንድ በአንድ መደመር ነው። 1+9+4+3+1+3 = 21። 21 ለ3 ስለሚካፈል ቁጥሩም ለ3 ይካፈላል። 21 ለ9 ሲካፈል 3 ስለሚተርፍ ቁጥሩም ለ9 አይካፈልም። ጥሩ ዘዴ ነው።

የግዕዙ አጻጻፍ ግን ከዚህ የተሻለ ይሰጠናል። ቁጥሩን ራሱ በጥንድ በጥንድ ከፋፍሎ አስቀምጦታል፦ ፲፱፣ ፵፫፣ ፲፫። እነሱን ደምሩ። 19+43+13 = 75።

ይህ ለምን ይሠራል? 100 ለ99 ሲካፈል 1 ይተርፋል። 10,000ም ለ99 ሲካፈል 1 ይተርፋል። ስለዚህ ፻ን እና ፼ን አንስታችሁ ጥንዶቹን ብትደምሩ ለ99 የሚተርፈው አይቀየርም። 99 ደግሞ 9 ጊዜ 11 ነው። በዚህ አንድ ድምር የ3ን፣ የ9ን እና የ11ን ምርመራ ጨርሳችኋል። 75 ለ3 ይካፈላል። ለ9 ሲካፈል 3 ይተርፋል። ለ11 ሲካፈል 9 ይተርፋል። በቃ።

አሁን ወደ እኔ ስህተት ተመለሱ። 193,413ን አንድ በአንድ ብትደምሩት ያው 21 ይመጣል። ስህተቱ ተደብቆ ያልፋል። በጥንድ ስትደምሩት ግን 19+34+13 = 66 ነው እንጂ 75 አይደለም። ወዲያው ያስታውቃል። የጤፍ ሒሳብ የምትይዙ፣ ከደብተር ወደ ደብተር ቁጥር የምትገለብጡ ሁሉ ይህን ልመዱት። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት አኃዞች ሲለዋወጡ ይይዛል። ከማይይዛቸው አንዱ ጥንዱ በሙሉ ከሌላ ጥንድ ጋር ሲለዋወጥ ነው፤ 43 እና 19 ቦታ ቢቀያየሩ ድምሩ ያው 75 ነው።

4. ለ7 እና ለ13 ከሺህ ላይ ቁረጡ

7 × 11 × 13 = 1001 ነው። ይህችን ቃላችሁ ላይ ያዟት። ቁጥሩን ከሺው ላይ ለሁለት ቁረጡት፤ 194 እና 313። ትንሹን ከትልቁ ቀንሱ። 313 − 194 = 119። ቁጥሩ ለ7፣ ለ11 ወይም ለ13 የሚካፈለው 119 ሲካፈል ብቻ ነው።

119 ለ11 አይካፈልም፤ ይህን በጥንዱም አይተነዋል። ለ13 ሲካፈል 2 ይተርፋል። ለ7ስ? እኔ ይካፈላል አልኳት። አላመነችኝም። ከንፍሮው ላይ 119 ሽምብራ ቆጥራ በወረቀቱ ላይ ሰባት ሰባት አድርጋ ደረደረች። ዐሥራ ሰባት ረድፍ ወጣው። የተረፈች ፍሬ አልነበረችም። ከዚያ ረድፉን ከዳር ጀምራ በላችው።

አንድ ነገር ተጠንቀቁ። 119 = 7 × 17 ነው። «ታዲያ ትልቁ ቁጥርም ለ17 ይካፈላላ!» ማለት ይመጣል። እሷም ብላለች። ግን 17 ከ1001 አካፋዮች ውስጥ የለም፤ ስለዚህ ይህ ዘዴ ስለ 17 ምንም አይናገርም። ቀጥታ አካፍላችሁ እዩት። 17 × 11,430 = 194,310። 3 ይተርፋል። አይካፈልም።

5. የት ላይ እንደምታቆሙ ዕወቁ

ብዙ ሰው እዚህ ጋ ተስፋ ይቆርጣል። «እስከ ስንት ድረስ ነው የማካፍለው?» ይላል። መልሱ፣ ራሱን ሲያበዙት ከቁጥሩ እስኪበልጥ ድረስ ነው። 440 × 440 = 193,600። 441 × 441 = 194,481። ከ440 በላይ መሞከር አያስፈልግም። ከዚያ በላይ አካፋይ ቢኖር ጓደኛው ከ440 በታች ስለሚሆን ቀድሞ ይገኝ ነበር። የምትሞክሩትም ብቸኛ ቁጥሮችን ብቻ ነው፤ ከ1ና ከራሳቸው በቀር አካፋይ የሌላቸውን። እስከ 440 ድረስ ያሉት 85 ናቸው።

85ም ብዙ ነው። ግን አካፋይ በተገኘ ቁጥር ሥራው ይቀንሳል።

194,313 ÷ 3 = 64,771
64,771 ÷ 7 = 9,253

አሁን በእጃችን ያለው 9,253 ነው። 97 × 97 = 9,409 ስለሆነ እስከ 96 መሄድ ይበቃል። 3 እና 7 አይደግሙም፤ ሞክሩት። 11፣ 13 እና 17 ቀደም ብለው ወድቀዋል። ቀጣዩ 19 ነው።

9,253 ÷ 19 = 487

የ487 ወሰን ደግሞ 22 ነው፣ ምክንያቱም 23 × 23 = 529። ለ2 እና ለ5 እንደማይካፈል በዓይን ይታያል። ለ3 ሲካፈል 1፣ ለ7 ሲካፈል 4፣ ለ11 ሲካፈል 3፣ ለ13 ሲካፈል 6፣ ለ17 ሲካፈል 11፣ ለ19 ሲካፈል 12 ይተርፋል። ስለዚህ 487 ብቸኛ ቁጥር ነው። ቁጥራችን ተፈታ፦

194,313 = 3 × 7 × 19 × 487

6. ሌላ መንገድም አለ

በ17ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው ፈረንሳዊው ፒየር ደ ፌርማ ከላይ የሚጀምር መንገድ ትቶልናል። ሁለት አካፋዮች ሲቀራረቡ ተአምር ነው። የእኛ ቁጥር ላይ ምን ያህል እንደሠራ ስታዩ እናንተም ትወዱታላችሁ።

ከቁጥሩ በላይ ካለው የመጀመሪያ ስኩዌር (ቁጥር በራሱ ሲባዛ የሚገኘው) ጀምሩ፤ 441 × 441 = 194,481 ነው። ቁጥሩን ቀንሱለት። 168 ይቀራል። 168 ስኩዌር ነው? 12 × 12 = 144፣ 13 × 13 = 169። አይደለም።

ወደ 442 እለፉ። እንደገና ማባዛት አያስፈልግም። 441 + 442 = 883ን በቀደመው ቀሪ ላይ ደምሩ። 168 + 883 = 1,051። 32 × 32 = 1,024፣ 33 × 33 = 1,089። አይደለም።

ወደ 443። 442 + 443 = 885። 1,051 + 885 = 1,936። 44 × 44 ስንት ነው? 1,936!

በሦስተኛው ሙከራ ተገኘ። ስለዚህ ቁጥራችን 443 × 443 ሲቀነስ 44 × 44 ነው። የሁለት ስኩዌር ልዩነት ሁልጊዜ ይከፈላል፤ አንዱ ወገን 443 − 44 = 399፣ ሌላው 443 + 44 = 487። 399 × 487 = 194,313። 399 ደግሞ 3 × 7 × 19 ነው። በሌላ በር ገብተን እዚያው ቤት ደረስን።

7. ከአራቱ ቁጥሮች የቀረውን አውጡ

አንድ ቁጥር ከተፈታ በኋላ ስለ እሱ የምትጠይቁት ሁሉ ይቀላል።

ስንት አካፋይ አለው? እያንዳንዱ ብቸኛ ቁጥር ወይ ይገባል ወይ ይቀራል። አራት ጊዜ ሁለት ምርጫ፣ 2 × 2 × 2 × 2 = 16። ጻፏቸው፤ መጨረሻ ላይ ያስፈልጉናል፦ 1፣ 3፣ 7፣ 19፣ 21፣ 57፣ 133፣ 399፣ 487፣ 1,461፣ 3,409፣ 9,253፣ 10,227፣ 27,759፣ 64,771፣ 194,313።

ድምራቸውስ? በየአንዳንዱ ብቸኛ ቁጥር ላይ 1 ጨምራችሁ አባዙ። 4 × 8 × 20 × 488 = 312,320። ራሱን ቁጥሩን ስትቀንሱ 118,007 ይቀራል። ከራሱ ያንሳል፤ እንዲህ ያለው ቁጥር ጎደሎ ይባላል (ለ2 ከማይካፈለው «ጎዶሎ» ጋር አታምታቱት)። እኩል የሚመጣለት ፍጹም ነው፤ 28 ከእነሱ አንዱ ነው፣ 1+2+4+7+14 = 28። ይህች 28 ትመለሳለች።

አራቱም ብቸኛ ቁጥሮች ለ4 ሲካፈሉ 3 ይተርፋቸዋል። በባሕረ ሐሳብ አነጋገር አራቱም ሉቃስ ናቸው። ይህ ጨዋታ ብቻ አይደለም። ለ4 ተካፍሎ 3 የሚተርፈው ብቸኛ ቁጥር አንድ ጊዜ ብቻ ከገባበት፣ ያ ቁጥር የሁለት ስኩዌሮች ድምር መሆን አይችልም። ስለዚህ 194,313ን የሁለት ስኩዌር ድምር አድርጎ ለመጻፍ አትልፉ፤ አይገኝም።

ከሁሉ በላይ እኔን ያስደሰተኝ የሚከተለው ነው። ከ1 እስከ 194,313 ካሉት ቁጥሮች ለ3፣ ለ7፣ ለ19 እና ለ487 ለአንዳቸውም የማይካፈሉት ስንት ናቸው? ይህን አቆጣጠር ሥርዓት ያስያዘው የስዊዘርላንዱ ሊዮናርድ ኦይለር ነው (እ.ኤ.አ. 1707–1783)። ከየሦስቱ ቁጥር ሁለቱ ያልፋሉ፣ ከየሰባቱ ስድስቱ፣ ከየ19ኙ 18ቱ፣ ከየ487ቱ 486ቱ። አባዙ። 2 × 6 × 18 × 486 = 104,976።

ይህን ቁጥር ደግሞ ፍቱት። 18 × 18 × 18 × 18 ነው! ሳባዛው እጄ ቆመ። ሁለቴ ደግሜ ሠራሁት። አራት የማይመሳሰሉ ቁጥሮች አንድ አንድ ሲቀነስላቸው እንዲህ እኩል ይገጥማሉ ብሎ ማን ይጠብቃል?

8. በባይነሪ (በ0 እና በ1 ብቻ) ለመጻፍ

እየገመሳችሁ ውረዱ፤ ጎዶሎ ሲሆን 1፣ ሙሉ (ለ2 የሚካፈል) ሲሆን 0 ጻፉ። ግማሽ ሲመጣ ጣሉት። 194,313፣ 97,156፣ 48,578፣ 24,289 እያለ እስከ 1 ይወርዳል። ከታች ወደ ላይ ስታነቡት 101111011100001001 ነው። ዐሥራ ስምንት አኃዝ፣ ዐሥሩ 1።

9. ታዲያ መሪጌታ ለምን ጻፉት?

የአካፋዮቹን ዝርዝር ስንጽፍ ልጅቷ 1,461 ላይ ቆመች። «ይህን አውቀዋለሁ» አለች። ከየት? 365 × 4 = 1,460፣ ከዚያ ጳጉሜን ስድስት በምትሆንበት በሉቃስ የምትጨመረው አንድ ቀን። 1,461 የአራቱ ወንጌላውያን ዓመታት ቀን ነው።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ተከታትሎ መጣ። 1,461 ቀን ለ7 ሲካፈል 5 ይተርፋል፤ ስለዚህ ከአራት ዓመት በኋላ ዕለቱ አይገጥምም። ሰባት ጊዜ ሲደጋገም ግን ይገጥማል። 7 × 1,461 = 10,227። ይህ 28 ዓመት ነው፤ ሊቃውንቱ ዐውደ ፀሐይ የሚሉት። ፍጹሟ 28 ይህች ናት። በዝርዝሩ ውስጥ 10,227ን ፈልጉት፤ አለ።

የጨረቃው ዙር፣ ዐውደ አበቅቴ፣ 19 ዓመት ነው፤ አበቅቴ የፀሐይና የጨረቃ ዓመት ልዩነት የሚቆጠርበት ነው። ወንጌላዊውና አበቅቴው ባንድ ላይ የሚመለሱት በ4 × 19 = 76 ዓመት ነው፤ ዐውደ ማኅተም። በቀን 19 × 1,461 = 27,759። እሱም በዝርዝሩ ውስጥ አለ።

ዕለቱ፣ ወንጌላዊውና አበቅቴው ሦስቱም አንድ ላይ የሚገናኙት በ28 × 19 = 532 ዓመት ነው። ዐውደ ቀመር ይባላል። የበዓላቱና የአጽዋማቱ አቀማመጥ በሙሉ ከዚያ በኋላ ይደገማል። 532 ዓመት ስንት ቀን ነው? 532 ለ4 ሲካፈል 133፤ 133 × 1,461 = 194,313።

አያቷ የጻፉት የአንድ ሙሉ ዐውደ ቀመር ቀናት ነበር። 7ቱ የሳምንቱ ነው። 19ኙ የጨረቃው ነው። 3 ጊዜ 487 የአራቱ ወንጌላውያን ነው። ያለንበት 15ኛው ዐውደ ቀመር ነው። 14ቱ በ7448 ዓመተ ዓለም (5500 ሲደመር ዓመተ ምሕረቱ) ስላለቁ የዚህኛው መጀመሪያ 1949 ዓ.ም. ነው፤ መጨረሻው 2480 ዓ.ም.።

10. ማባዛታችሁን ፈትሹ

ከመዝጋታችሁ በፊት በጥንዱ ዘዴ አረጋግጡ። 133 → 1 + 33 = 34። 1,461 → 14 + 61 = 75። 34 × 75 = 2,550 → 25 + 50 = 75። የ194,313ም 75 ነበር። ገጠመ።

ሻማው ሊያልቅ ሲል ደብተሩን ልትዘጋ ገጹን ወደ ኋላ ገለበጠችው። በዚያኛው ገጽ ኅዳግ ላይም በዚያው ቀይ ቀለም ሌላ ቁጥር አለ። ፪፼፸፯፻፶፱። ጠጋ ብላ አነበበችው። እስክሪብቶ አላነሳችም። «ሰባ ስድስት ዓመት» አለች።